ትንፋሽ ሲያጥር፦ ከአምባራስ ተራራ እስከ አንዲት የውሃ ጠርሙስ

እስቲ አሁን ባሉበት ቦታ ሆነው አንድ ጊዜ በረዥሙ አየር ይሳቡ። አዲስ አበባ ከሆኑ፣ ሳንባዎ ያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ቆሞ ከሚተነፍስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ደባርቅ ከሆኑ ሰባ በመቶ ገደማ ይሆናል። ከደባርቅ ወጥተው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ወደ አምባራስ ካቀኑ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ብዙ ሰው "ተራራ ላይ ኦክስጅን ያንሳል" ሲባል የአየሩ ድብልቅ የተለየ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ራስ ደጀን ጫፍ ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። ከራሳችን በላይ ያለው የአየር ክምር ሲሳሳ ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ኃይልም አብሮ ይሳሳል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ተራራ ለማውራት ብቻ አይደለም። ጉዳዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሳንባ ምች ወይም ሌላ ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም የያዘው ሰው በራሱ ትንፋሽ መቀጠል ሲያቅተው ሐኪሞች ምን ያደርጉለታል? ከሚያደርጉትስ ውስጥ ሕይወት ማትረፉ በጥናት የተረጋገጠው የቱ ነው? ጥያቄው የዓለም ሁሉ ነው፤ እኛ አገር ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለበት። ሕዝባችን በብዛት የሚኖረው ደጋ ላይ ነው። የሕክምና መመሪያዎቹ ቁጥሮች ደግሞ አብዛኞቹ የተለኩት ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሕዝብ ላይ ነው።

236 ሰዎች፣ 3,530 ሜትር

አምባራስን ከስሜን ውጭ የሚያውቃት ሰው ብዙ አይደለም። የከፍታን ነገር በሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ዘንድ ግን ስሟ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቻቸው በአምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደው የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ አወጡ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅን ናቸው። የተመረመሩት ሰዎች ዕድሜ ከ14 እስከ 86 ዓመት ነበር።

የተለኩት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሄሞግሎቢን ነው፤ ማለትም ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን። ሁለተኛው የኦክስጅን ሙሌት ነው። ሙሌት ማለት ከተሸካሚዎቹ ውስጥ ስንቱ ጭነት ይዟል እንደማለት ነው። ገበያ የሚወርዱ መቶ በቅሎዎች ቢኖሩና ዘጠና አምስቱ ተጭነው ቢሆን ሙሌቱ 95 በመቶ ነው እንላለን።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሰው ከፍታን የሚቋቋምባቸው ሁለት መንገዶች ይታወቁ ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በቅሎውን ያበዛሉ፤ ሄሞግሎቢናቸው በጣም ከፍ ይላል። በቦሊቪያ የአይማራ ወንዶች በአማካይ 19.2 ግራም በዴሲሊትር ተለክቷል። ቲቤቶች እንደዚያ አያበዙም፤ በተመሳሳይ ከፍታ ያሉ ወንዶቻቸው 15.6 ነበሩ፤ ሙሌታቸው ግን ዝቅ ያለ ነው፤ በዝቅተኛው ሙሌት የሚኖሩበትን ሌላ ዘዴ አካላቸው አበጅቷል። አምባራስ ላይ የተገኘው ከሁለቱም ጋር አልገጠመም። ወንዶቹ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም ሄሞግሎቢን ነበራቸው። ሙሌታቸው ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ። ሁለቱም ቁጥሮች ባሕር ዳር ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም አይርቁም። ሰዎቹ ግን 3,530 ሜትር ላይ ናቸው! ተመራማሪዎቹ ይህንን ሦስተኛው፣ "የኢትዮጵያ" የመላመድ ዓይነት አሉት።

የስሜንን ትንፋሽ ሲለኩ እነሱ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ጂ. ኤ. ሃሪሰንና ቡድናቸው 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅን 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲ አርቃይ ጋር አነጻጽረዋል። አስቡት፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ላይና ታች የሚኖሩ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል? በ2012 ደግሞ አማራና ኦሮሞ ደገኞችን ጎን ለጎን ያጠና የዘረመል ሥራ ወጣ። ሁለቱ ሕዝቦች ከፍታውን የተላመዱት በአንድ ዓይነት መንገድ እንዳልሆነ አሳየ፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት ደጋ የኖሩት አማሮች ሄሞግሎቢን ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ "የኢትዮጵያ ዓይነት" የሚለውን አባባል እኔ በጥንቃቄ ነው የምወስደው፤ የአምባራስ ዓይነት ቢባል ይቀርባል።

የግጭ ሜዳና ገደሉ

ሙሌት የምትለካው ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ በምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት ገብታለች። ቁጥሩን ሲያነቡ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብዎት። ከ98 ወደ 94 መውረድና ከ90 ወደ 86 መውረድ፣ በሁለቱም አራት ቁጥር ቢቀነስም፣ እኩል አይደሉም።

ስሜን ሄደው ከሆነ ለመረዳት አይቸግርዎትም። የግጭ ሜዳ ላይ ረዥም ሰዓት ቢጓዙ ከፍታዎ ብዙም አይለዋወጥም። እሜት ጎጎ ጫፍ ሲደርሱ ግን ከእግርዎ ሥር ብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ ገደል ነው። ሄሞግሎቢንም እንደዚሁ ነው። ሳንባ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ቢቀንስም ለጊዜው ሙሌቱ ሜዳው ላይ ይቆያል፤ በግድ ነው የሚወርደው። 90 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ሜዳው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ትንሽ በቀነሰ ቁጥር ሙሌቱ ቁልቁል ይሮጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳንባ ምች የታመመ ልጅ ሙሌቱ ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጠው የሚለው ያለምክንያት አይደለም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የዚሁ ድርጅት የ2016 የልጆች ኦክስጅን አሰጣጥ መመሪያ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ልጆች ወለሉን ዝቅ አድርጎ 87 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። ሐሳቡ ለመረዳት ቀላል ነው። ከፍታ ላይ ጤነኛ ልጅም ሙሌቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ 89 ያለውን ሁሉ ታሟል ብለን ኦክስጅን ብንሰጥ፣ እጥረት ባለበት ቦታ ለጤነኛ እየሰጠን ከታመመው እንነሳለን። ትክክል ነው፤ ከፍታ ላይ የጤነኞቹ ሙሌት በእርግጥ ዝቅ የሚል ከሆነ።

አምባራስ ላይ የተለካው አማካይ ግን 95.3 ነው። እንበልና አንድ ሕፃን ከአምባራስ ተነስቶ ደባርቅ ሆስፒታል ደረሰ፤ ኦክሲሜትሯ 88 አለች። በከፍታ መመሪያው ኦክስጅን አይገባውም። በወላጆቹ ሙሌት ስንመዝነው ግን ሰባት ነጥብ ከጤናው ወርዷል፤ ይህ ልጅ በጣም ታሟል። እርግጥ የ2002ቱ ጥናት ከ14 ዓመት በታች ያሉትን አልለካም፤ የልጅ ሳንባ ደግሞ የአዋቂ ሳንባ አይደለም። ቢሆንም የኔን አቋም ልናገር፦ ሌላ ተራራ ላይ የተሠራ ወለል ለስሜን ልጅ ሳይሞከር መዋል የለበትም። ጤነኛ ልጆችን በየከፍታው መለካት ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ቤተሰቦችን በየጊዜው እየመዘገበ የሚከታተልበት የጥናት ጣቢያ አለው፤ ሥራውን ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ኦክሲሜትሯም ሙሉ በሙሉ የምትታመን አይደለችም። መሣሪያዋ የምትሠራው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፋ ነው፤ የቆዳ ቀለም ደግሞ ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ያሳየችላቸውን ታካሚዎች ደም በቀጥታ ወስዶ አመሳከረ። ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ እውነተኛው ሙሌታቸው ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ። ማለትም ስህተቷ ወደ "ደህና ነህ" ያዘነብላል። 88 ስትል የልጁ እውነተኛ ቁጥር ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ነው።

ልጁ ለምን ያቃስታል?

ሳንባ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ሳንባ ምች ሲይዝ ከፊሎቹ መግልና ውሃ ይሞላሉ፣ ከፊሎቹ ይጨማደዳሉ። በነዚህ ዙሪያ የሚያልፈው ደም ኦክስጅን ሳያገኝ ባዶውን ይመለሳል። ኦክስጅን በአፍንጫ ብንሰጥ በጣም ይጠቅማል፤ ግን የሚደርሰው ክፍት ከረጢቶች ጋር ነው። የተዘጋ በር ላይ ምንም ያህል ኦክስጅን ብናመጣ አይገባም። መጀመሪያ በሩ መከፈት አለበት።

ፊኛ ነፍተው ያውቃሉ? የመጀመሪያው እፍታ ጉንጭ ያሳምማል፤ ትንሽ ከተነፋ በኋላ ግን ይቀላል። ሙሉ በሙሉ እንዲተነፍስ ከተዉት እንደገና ያው ጭንቅ ነው። የአየር ከረጢቶቹም እንዲያ ናቸው። በጣም የታመመ ሕፃን አየር ሲያስወጣ "እኽ፣ እኽ" እያለ የሚያቃስተው ስለሚያመው ብቻ አይደለም። ጉሮሮውን በከፊል ዘግቶ አየሩ ጨርሶ እንዳይወጣ፣ ከረጢቶቹም እንዳይጨማደዱ እየታገለ ነው። ይህንን ያስተዋሉት ጆርጅ ግሪጎሪ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪም ልጁ በጉሮሮው የሚሠራውን በመሣሪያ ቢሠሩለትስ ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 በ20 አራስ ሕፃናት ላይ የሞከሩትን አሳተሙ፤ 16ቱ ተረፉ። ሲፓፕ የሚባለው ሕክምና እንዲህ ተወለደ። ትርጉሙ አየር መንገዱ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚቆይ ቀለል ያለ ግፊት ነው።

ዛሬ ሲፓፕ የሚሰጡ ውድ ማሽኖች አሉ። እዚህ የምነግርዎት ግን ስለ ርካሹ ነው፤ አረፋማው ሲፓፕ ይባላል። ኦክስጅን በአፍንጫ ቱቦ ወደ ልጁ ይገባል። ልጁ የሚያስወጣው አየር ደግሞ በሌላ ቱቦ ሄዶ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ አምስት ሴንቲሜትር ከጠለቀ፣ አየሩ ለመውጣት አምስት ሴንቲሜትር ውሃ መግፋት አለበት፤ ያ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ የልጁን ከረጢቶች ክፍት አድርጎ ይይዛል። ግፊት መጨመር ከተፈለገ ቱቦውን ጠለቅ ማድረግ ነው። ሲሠራ ውሃው ይፍለቀለቃል፤ መፍለቅለቁ ከቆመ አንድ ቦታ አየር እያፈተለከ ነውና ነርሷ ከሩቅ ታያለች። ባንግላዴሽ ውስጥ ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ለዚህ ውሏል።

ሦስት አገር፣ አንድ ጠርሙስ

ብልህ ፈጠራ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ያድናል ወይ? መልሱ ሁለት ጊዜ አዎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አስደንጋጭ አይደለም ሆኖ ተገኝቷል፤ የጉዳዩ ልብ ያለውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ ዳካ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ከባድ ሳንባ ምች ያለባቸውን 225 ልጆች በዕጣ መደበ። በተለመደው አነስተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከተሰጣቸው 67 ልጆች 10 ሞቱ። አረፋማ ሲፓፕ ካገኙት 79 ልጆች የሞቱት 3 ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ሳይጨርስ ቆመ። ጥሩ ዜና ነው፤ ግን አንድ ሆስፒታል ነው፣ ለዚያውም በምርምር የታወቀ ሆስፒታል። ቁጥሩም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ ማላዊ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት በሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል 644 ልጆችን ይዟል። ሲፓፕ ካገኙት 17 በመቶ ሞቱ፤ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት 11 በመቶ። አዎ፣ በትክክል አንብበዋል፤ ሲፓፕ ያገኙት በብዛት ሞቱ። እንዴት? ልጆቹ የዳካዎቹ ዓይነት አልነበሩም፤ የተመረጡት ኤችአይቪ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ወይም የኦክስጅን ማነስ ያለባቸው ናቸው። ከዚህ በላይ ግን ሲፓፑ የተሰጠው በተለመደው የልጆች ክፍል፣ ሐኪም በየቀኑ ሳያያቸው፣ በሌሎች ባለሙያዎች እጅ ነበር። ግፊት ያለው አየር ሆድ ይነፋል፤ የተነፋ ሆድ ያስመልሳል፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይህንን በጊዜ የሚያይ ዓይን ከሌለ ጠርሙሱ ራሱ አደጋ ነው።

ከዚያ ኢትዮጵያ። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከባንግላዴሾቹና ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰኔ 2021 እስከ ሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች ሠሩት። ውጤቱ በ2024 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ። ዕጣ የወጣው ለልጆች ሳይሆን ለሆስፒታሎች ነው፤ ስድስቱ አረፋማ ሲፓፕ፣ ስድስቱ የተለመደውን ኦክስጅን። ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለዚህ ልጅ ጠርሙስ፣ ለዚያኛው ደግሞ አይሆንም ማለት ለነርስም ለእናትም ከባድ ነው፤ ሥራውም ይደባለቃል።

1,240 ልጆች ገቡ፤ በየወገኑ 620። ዕድሜያቸው ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት፣ ሁሉም ሙሌታቸው ከ90 በመቶ በታች። ሕክምናው ያልሠራላቸው ሲቆጠሩ በሲፓፕ ሆስፒታሎች 5፣ በኦክስጅን ሆስፒታሎች 21 ነበሩ። ሆስፒታል ሳሉ የሞቱት ልጆች ስድስት ናቸው። ስድስቱም ከኦክስጅን ወገን። በሲፓፕ ምክንያት የደረሰ ከባድ ጉዳት አልተመዘገበም።

እዚህ ላይ ቶሎ ከማጨብጨብ በፊት ቁጥሩን ጠጋ ብለን እንየው። ሕክምናው የመክሸፍ ዕድል ወደ 0.24 ወርዷል፤ በሌላ አነጋገር በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። የእርግጠኝነቱ ስፋት ግን ከ0.07 እስከ 0.87 ነው። እውነቱ በ93 በመቶ መቀነስ ሊሆን ይችላል፣ በ13 በመቶ ብቻም ሊሆን ይችላል። ስፋቱ የመጣው የከሸፈባቸው ልጆች በሁለቱም ወገን ተደምረው 26 ብቻ ስለሆኑና ዕጣ የወጣላቸው ሆስፒታሎች 12 ብቻ ስለሆኑ ነው። አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ መጠኑን ግን በትክክል እናውቃለን ማለት አይቻልም።

በማላዊና በኢትዮጵያ መካከል ምን ተለየ? ልጆቹ ይለያሉ፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ በኢትዮጵያው ጥናት የሠለጠኑ ሐኪሞችና ነርሶች ክትትሉ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ዞን "ጠርሙስና ቱቦ እናከፋፍላለን" ብሎ ሥልጠናውንና ሐኪሙን ቢተው፣ የደገመው የኢትዮጵያን ጥናት ሳይሆን የማላዊን ነው ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ማሽን

ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው ሰው ላይ መገኘቱ ሲነገር፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ቬንቲሌተር፣ ማለትም ስለ መተንፈሻ ማሽን ነበር። ስንት አለን? ስንት ይመጣል? የሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማዕከል ሲሆን እንኳ ወሬው ያው ቁጥሩ ነበር። የማሽኑ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። የመተንፈሻ ጡንቻቸው ሽባ የሆነባቸው ሕሙማን ከ80 በመቶ በላይ ይሞቱ ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ቱቦ አስገብተው በጎማ ከረጢት አየር በእጃቸው መግፋት ጀመሩ። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያማ 1,500 ገደማ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ፣ ቀንና ሌሊት፣ ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ሞቱ በግማሽ ገደማ ወረደ። የዓለም የመጀመሪያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ከዚህ ተነሣ፤ ማሽን ሳይሆን እጅ ነበር።

በኋላ ማሽኑ ሲመጣ ደግሞ ጉዳት እንዳለው ታወቀ። ለታመመ ሳንባ ትልቅ ትንፋሽ መስጠት ደግነት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በ861 ሕሙማን ላይ የተሠራ የአሜሪካ ጥናት ለአንድ ኪሎ 12 ሚሊሊትር የተሰጣቸው 39.8 በመቶ፣ 6 ሚሊሊትር ብቻ የተሰጣቸው 31 በመቶ እንደሞቱ አሳየ። መድኃኒት የለም፣ ወጪ የለም፤ ቁልፉን ዝቅ ማድረግ ብቻ። በ2013 በ466 ሕሙማን ላይ በአብዛኛው ፈረንሳይ የተሠራው ጥናት ደግሞ በጣም የታመሙትን በቀን 16 ሰዓት ያህል በሆዳቸው ማስተኛት ሞትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ አወረደ። በ2020 ዴክሳሜታዞን የተባለው የቆየና ርካሽ መድኃኒት በማሽን ላይ ያሉ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ አወረደ። ደምን ከሰውነት አውጥቶ ኦክስጅን ሞልቶ የሚመልሰው ኤክሞ፣ ከሁሉ ውዱ፣ በ2018 በ249 ሕሙማን ተሞክሮ ሞቱ 35 በመቶ ከ46 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ መለኪያ እርግጠኛ የሚያደርግ አልነበረም። እንግዲህ በርካሾቹና በውዱ መካከል ያለውን ያነጻጽሩ።

ይህ ሁሉ ግን ዳስ ይፈልጋል፤ ኦክስጅን፣ መብራት፣ ነርስ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥር የአፍሪካ አገራት በ64 ሆስፒታሎች የተሠራው የ2021 ጥናት ወደ ጽኑ ሕክምና ከገቡ የኮቪድ ሕሙማን 48.2 በመቶ በ30 ቀን ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል።

ደባርቅ ላይ ሲሆን

ኦክስጅን የሚመጣው ወይ በሲሊንደር ነው ወይ በኮንሰንትሬተር። ኮንሰንትሬተር አየሩን ስቦ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያሳልፋል፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። መብራት ከሄደ ይቆማል። ሌላም አለ፦ አየሩ ሲሳሳ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚስበው ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሞዴል የሚሠራበት ከፍታ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ኦክስጅን ንጽሕናው ሊወርድ ይችላል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ግዢ ሲፈጸም ከዋጋው በፊት መነበብ ያለበት ያ ቁጥር ነው፤ የሆስፒታል ማኔጀር ሆነው ይህን እያነበቡ ከሆነ አሁኑኑ ሄደው ይመልከቱት።

የበሽታ ትርጉምም በከፍታ ይናጋል። ከባድ የሳንባ ጉዳት አለ ለማለት ሐኪሞች በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት ለሚተነፍሱት ኦክስጅን አካፍለው 300 ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ያያሉ። በመማሪያ መጽሐፉ ቀመር ካሰላነው፣ ደባርቅ ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ምንም ሳይታመም 300 አካባቢ ይሆናል! የ2012ቱ ትርጉም ራሱ ከ1,000 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ይታሰብ ይላል። የደም ጋዝ መመርመሪያ ለሌለበት ሆስፒታል ደግሞ በ2016 ከኪጋሊ የወጣ ማሻሻያ ኦክሲሜትርና አልትራሳውንድ ይበቃል አለ፤ በአፍሪካ ሆስፒታል የተሠራው ይህ ሐሳብ በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ ትርጉም ገብቷል።

ጠርሙሱም ማሽኑም የሚሠሩት ግን ልጁ በጊዜ ከደረሰ ነው፤ ከአምባራስ ደባርቅ ቅርብ መንገድ አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚታወቁትን ምልክቶች ልንገርዎት። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን ነገ ጠዋት አይበሉ። ሲቆጥሩ ሰዓት ይያዙ፣ ደረቱን ገልጠው ይመልከቱ። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ ስለሚፈጥን ቁጥሩ አይታመንም፤ እስኪረጋጋ ይጠብቁና ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ።